የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ማልኮም ኤክስን ከወሬ ለይተን እንወቀው



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ ቂርኣት ከሚቀሩ ወጣቶች አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ምስል አሳየኝ። መነጽር ያደረገ፣ ቀላ ያለ፣ ረጅም ሰው መስጂድ ውስጥ ይታያል። ከምስሉ ስር ሦስት ነገር ተጽፏል። ማልኮም ኤክስ እስር ቤት ውስጥ እንደሰለመ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ጠላት እንደነበረ፣ መካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ሙስሊም አይቶ ትግሉን እንደተወ። ወጣቱ ላጋራው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈገግ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች መድረክ ላይ ቆሜ ተናግሬያቸዋለሁ። ሰዉም አጨብጭቦልኛል። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ ሦስቱም ግማሽ እውነት ሆነው አገኘኋቸው። ጭብጨባውን ግን መመለስ አልቻልኩም፤ የሰማኝ ሁሉ ይዞት ሄዷል።

ስለዚህ ዛሬ የዚህን ሰው ህይወት ከመጀመሪያው እናንሳ። መንገዱ ላይ ወሬ ባጋጠመን ቁጥር ቆም እያልን እናጣራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማልኮም ሊትል በሜይ 19 ቀን 1925 በኔብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል ከጆርጂያ የመጣ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። እናቱ ሉዊዝ የግሬናዳ ደሴት ልጅ ነች። ሁለቱም የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ አባላት ነበሩ። ጥቁር ሕዝብ በራሱ እንዲኮራ፣ በራሱ እንዲተዳደርና ወደ አፍሪካ እንዲመለከት የሚያስተምር ንቅናቄ ነበር።

የመጀመሪያው ወሬ እዚህ ላይ ያጋጥመናል። ብዙዎቻችን አሜሪካን የምናውቃት በፊልም ነው። በፊልሙ ዘረኝነት የሚኖረው ደቡብ ውስጥ፣ ጥጥ እርሻው አጠገብ ነው። ሰሜኑ ግን የነጻነት አገር ሆኖ ይታያል። አሁን ካርታ ክፈቱ። ኦማሃ ደቡብ አይደለችም። ቤተሰቡ በኋላ የሰፈረባት የሚቺጋን ግዛቷ ላንሲንግም ደቡብ አይደለችም። በ1929 ኧርል ሊትል ላንሲንግ ውስጥ ቤት ገዛ። የመሬቱ ውል ግን ቦታው ከነጭ በቀር ለሌላ እንደማይሆን ይላል። ጎረቤቶች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ቤተሰቡ እንዲለቅ ወሰነ። ብዙም ሳይቆይ በኖቬምበር ወር በአንድ ሌሊት ቤቱ በእሳት ወደመ። ማልኮም የ4 ዓመት ልጅ ነበር።

ልብ በሉ፤ ያ ውል ሽፍቶች በጨለማ የተፈራረሙት አልነበረም። ዳኛ ያስከብረው ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ የወሰነው በ1948 ነው። እንግዲህ ማልኮም አድጎ ስለ ሰሜኑ አሜሪካ ሲናገር ከመጽሐፍ ያነበበውን አልነበረም የሚያወራው።

በ1931 አባቱ የከተማ ባቡር ሄዶበት ሞተ። ባለሥልጣናቱ አደጋ ነው አሉ። ቤተሰቡና ብዙ ጥቁር ጎረቤቶች ግን ነጭ ዘረኞች ገድለው ሐዲድ ላይ እንደጣሉት አመኑ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሁለቱንም የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ማውራት ተበዳዩን አይጠቅመውም፤ የተረጋገጠውንም በደል አብሮ አጠራጣሪ ያደርግበታል።

አንደኛው የመድን ድርጅት ሟቹ ራሱን ነው ያጠፋው ብሎ ክፍያ ከለከለ። እናት ሰባት ልጆች ይዛ ቀረች። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት ነው። ረሃብ ገባ፤ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ልጆቹን ለመከፋፈል ይመላለሱ ጀመር። በመጨረሻ የሉዊዝ አእምሮ አልቻለም። በ1939 ካላማዙ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደች፤ 24 ዓመት ገደማም እዚያው ቆየች። ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ።

ማልኮም ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ነጭ በሆነበት ክፍል አለቃ ሆኖ ተመርጧል። አንድ ቀን መምህሩ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ጠበቃ እንደሚሆን ነገረው። መምህሩ ይህ ለጥቁር ልጅ የሚሆን ሕልም እንዳልሆነ፣ አናጢነት እንደሚሻለው መከረው። ልጁ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ትምህርቱን ተወ። በ1941 በአባት የምትገናኘው እህቱ ኤላ ዘንድ ቦስተን ሄደ። ከዚያ ቦስተንና የኒውዮርኩ ሐርለም፣ ቁማር፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ሌብነት። በ1946፣ ገና 21 ዓመት ሳይሞላው፣ ቤት ሰብሮ በመስረቅ ከ8 እስከ 10 ዓመት ተፈረደበት።

እስር ቤት ውስጥ ማንበብ ጀመረ። መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ እየገለበጠ በእጁ ይጽፍ ነበር። ኖርፎክ ወደሚባለው እስር ቤት ሲዛወር ሰፊ ቤተ መጻሕፍት አገኘ፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ከመተላለፊያው በምትገባ ጭላንጭል ያነባል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ከወንድሞቹ ደብዳቤ የመጣለት። ኔሽን ኦፍ ኢስላም የሚባል ድርጅት ውስጥ ገብተው ነበር።

ሁለተኛው ወሬ ይህ ነው፤ እስር ቤት ውስጥ ሰለመ የሚለው። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስሙ ውስጥ ኢስላም የሚል ቃል ስላለ ብቻ አንታለል። ድርጅቱ በ1930 ዲትሮይት ውስጥ ተጀመረ። መሪው ኢላይጃ ሙሐመድ የድርጅቱን መሥራች ፋርድን በሰው አካል የመጣ አምላክ ነው፣ እኔም መልእክተኛው ነኝ ብሎ ያስተምር ነበር። ነጭ ሕዝብ ደግሞ ያዕቁብ የሚባል ክፉ ሳይንቲስት ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት የፈጠረው ሰይጣን ነው ይሉ ነበር። ከሸሃዳ ጋር፣ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነብያት መደምደሚያነት ጋር የሚሄድ ምንም ነገር የለውም።

ፍትሐዊ እንሁን ግን። ይኸው ድርጅት ሺዎችን ከመጠጥና ከዕፅ አላቋል፤ ቤተሰብ አቋቁሟል፤ ራሱን የሚጠላን ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲሄድ አድርጓል። ማልኮምንም ከወንጀል ያወጣው እሱ ነው። አንድ ድርጅት ሰውን ከመጠጥ ሊያወጣና ውሸት ሊያስተምረው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ እባካችሁ በእርጋታ አስቡበት። ያን ያህል የሚያነብ፣ ስል አእምሮ ያለው ሰው የያዕቁብን ተረት እንዴት አመነ? እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ተረቱ ቁስሉን ይመልስለት ነበር። ቤቱን አቃጠሉ ብሎ ያመናቸው፣ እናቱን የወሰዱት፣ ሕልሙን የሳቁበት ሁሉም ነጮች ናቸው። አንድ ሰው መጥቶ ሁሉም ሰይጣን ስለሆኑ ነው ሲለው፣ የህይወቱ ታሪክ በሙሉ ማስረጃ ሆነለት። በደሉ እውነት ነበር፤ ማብራሪያው ግን ውሸት ነበር። እኛንም የሚጥለን ይኸው ነው። ሰው ከበደሉ ጋር የሚገጥም ወሬ ሲያገኝ ምንጩን አይጠይቅም።

በኦገስት 1952 ከእስር ወጣ። ሊትል የሚለው ስም ከባሪያ አሳዳሪዎች የወረደ ነው ብሎ ኤክስ በሚለው ፊደል ተካው፤ ባርነት ያጠፋውን፣ የማይታወቀውን የአፍሪካ ስሙን የሚወክል ምልክት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የድርጅቱ ዋና ተናጋሪ ሆነ። ከ1954 ጀምሮ ሐርለም የሚገኘውን ማዕከል መራ። በ1958 ቤቲን አገባ።

ሦስተኛው ወሬ ማልኮም ሁከት አነሳሽ ነበር የሚለው ነው። በኤፕሪል 1957 የኒውዮርክ ፖሊሶች የድርጅቱን አንድ አባል ክፉኛ ደበደቡት። ማልኮም ሰዎቹን አሰልፎ ፖሊስ ጣቢያው ፊት በጸጥታ አቆማቸው። ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። የተደበደበው ሰው ሆስፒታል መግባቱን ካረጋገጠ በኋላ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሰልፉም ድንጋይ ሳይወረወር ተበተነ። የፖሊስ አዛዦቹን ያስደነገጣቸው ይህ ዲሲፕሊን ነበር። የሰበከው ራስን መከላከልን ነው፤ ሰው አስነስቶ ጥቃት እንዳስፈጸመ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ነገር ግን እኛ የምንወደው ሰዎችም ሌላውን ገጽ መደበቅ የለብንም። በእነዚያ ዓመታት የሚናገረው መራራ ነበር። ነጭን በሙሉ በጅምላ ሰይጣን ይል ነበር፤ ይህን ጋዜጠኞች አልፈጠሩበትም። በ1962 ፓሪስ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶ ከ100 በላይ የአትላንታ ነጮች ሲሞቱ ደስታውን በአደባባይ ገለጸ። አንዲት ነጭ ተማሪ ከሩቅ ተጉዛ ሐርለም መጥታ ምን ላግዝ ስትለው፣ የምታግዢው ምንም የለም ብሎ እያለቀሰች እንድትሄድ አደረገ። በ1961 በድርጅቱ ትእዛዝ አትላንታ ሄዶ ከኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ጋር በድብቅ ተነጋግሯል። ነጭና ጥቁር ተለያይተው ይኑሩ በሚለው ሁለቱም ይስማሙ ነበርና።

አሁን ወደ ሐጁ ከመድረሳችን በፊት አንድ ነገር አስተውሉ። ማልኮም ነጭ ሙስሊም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሐጅ አልነበረም። በ1959 ድርጅቱን ወክሎ ግብጽንና ሳዑዲ ዓረቢያን ጎብኝቷል፤ መካ ግን አልደረሰም። የሙስሊሙን ዓለም መልክ ያኔ በዓይኑ አይቷል። አሜሪካ የሚማሩ ሙስሊም ተማሪዎችም ንግግሩን ሲጨርስ እየተነሱ ይሞግቱት ነበር። ከእነሱ አንዱ አሕመድ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ተማሪ ነው። ሐርለም ድረስ ሄዶ የምታስተምረው ኢስላም አይደለም አለው፤ ከዚያም አልሰደበውም፣ አላዋረደውም። ደብዳቤ ጻፈለት፣ የሚያነበው ላከለት።

ስለዚህ ጥያቄው ማልኮም መቼ አየ የሚለው ብቻ አይደለም። አይቶስ ለምን አምስት ዓመት ዝም አለ? መሪውን ይወድ ነበር፤ ህይወቱን የሰጠው እሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስሙ፣ ቤቱ፣ እንጀራው፣ ወንድሞቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። እውነት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን መናገር ዋጋ ያስከፍላል።

በ1963 ኢላይጃ ሙሐመድ ከጸሐፊዎቹ ከነበሩ ወጣት ሴቶች ልጆች እንደወለደ የሚወራው ወሬ ጠነከረበት። እዚህ ላይ ያደረገውን እዩ። ወሬውን አልበተነም፤ ዝም ብሎም አላስተባበለም። ሴቶቹ ዘንድ ራሱ ሄዶ ጠየቀ፤ የመሪውን ልጅ ዋላስንም አነጋገረ። እውነት ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መገደል በተናገረው ነገር ሰበብ ድርጅቱ እንዳይናገር አገደው። በማርች 8 ቀን 1964 ድርጅቱን መልቀቁን አስታወቀ።

በዚያው ወር፣ ማርች 26፣ ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካ ሴኔት በሲቪል መብቶች ሕግ ላይ ሲከራከር ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተለያዩ። በህይወታቸው የተገናኙት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አራተኛው ወሬ ጠላትነታቸው ነው። ማልኮም ኪንግን በብርቱ ነቅፎታል፤ ይህ አይካድም። ኪንግም በመንገዱ አልተስማማም። ግን ስንሰማው የኖርነው ጠብ ከእውነታው ይበልጣል። በ1965 መጀመሪያ አንድ ታዋቂ መጽሔት ኪንግ ማልኮምን ክፉኛ የሚወቅስበትን ቃለ ምልልስ አትሞ ነበር። ጸሐፊዎች ለአስርት ዓመታት ጠቀሱት። በ2023 የኪንግን ህይወት የጻፈው ጆናታን ኢግ ዋናውን የቃለ ምልልስ ጽሑፍ ከማኅደር አውጥቶ ሲያነብ፣ የታተመው ኪንግ ከተናገረው ጋር እንደማይገጥም አገኘ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የታተመው እንደ እውነት ሲጠቀስ ኖሯል። ማልኮም ራሱ ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1965፣ ሴልማ ሄዶ ለታሰረው ኪንግ ባለቤት ለኮሬታ የመጣው የባሏን ሥራ ለማገዝ እንጂ ለማክበድ እንዳልሆነ ነግሯታል።

ወደ ሐጁ እንመለስ። በኤፕሪል 1964 እህቱ ኤላ በሰጠችው ገንዘብ ተነሳ። ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አሜሪካዊ ፓስፖርት የያዘ፣ ዓረብኛ የማይናገር ሰው ሙስሊምነቱ እስኪጣራ ድረስ ቆየ። እዚያ ምን እንዳወቀ ታውቃላችሁ? ሶላት አሰጋገድ በትክክል እንደማይችል። ለ12 ዓመት በኢስላም ስም መድረክ ላይ የቆመ፣ አሜሪካ ሙሉ የሚያውቀው ተናጋሪ፣ እንደ ሕፃን አቀማመጥ ሲያስተምሩት፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እምቢ ሲሉት አስቡ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካኝ ይህ ቦታ ነው። አላወቅሁም ብሎ ከመሬት ለመጀመር ፈቀደ።

በኋላ ዶክተር ዐብዱረሕማን ዐዛም የሚባሉት ታላቅ ሰው አስተናገዱት፤ ልዑል ፈይሰልም የመንግሥት እንግዳ አደረጉት። በአንድ ሰሃን ከነጭ ቆዳ ሙስሊሞች ጋር በላ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተኛ፣ በአንድ ሶፍ ሰገደ። ከዚያ የ1959ኙን ዝምታ ሰበረ። ወደ አሜሪካ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሕዝብን በሙሉ በቆዳው መኮነኑ ስህተት እንደነበር ራሱ አስታወቀ። ጋዜጦች አተሙት። ያንን ትምህርት ከሱ አፍ ሰምተው የተከተሉት ብዙ ሺዎች ነበሩ። ለእነሱ ተሳስቼ ነበር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። እኛ አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ አጋርተን ለማረም እንኳ እናፍራለን፤ ዝም ብለን እናጠፋዋለን።

አምስተኛው ወሬ እዚህ አለ፤ ከሱ ወዳጆች የመጣ ነው። መካ ደርሶ ለሰለሰ፣ አሜሪካን ይቅር ብሎ ትግሉን ተወ ይላል። አይደለም። የተወው ውሸቱን ነው፤ የመብት ጥያቄውን አልተወም። ኤል ሐጅ ማሊክ ኤል ሸባዝ ሆኖ ሲመለስ ጥያቄውን ይበልጥ አሰፋው። የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ይቅረብ አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ማልኮም በጁን 1964 ያቋቋመውን የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅት በሱ አምሳያ ቀረጸው። በጁላይ ካይሮ በተደረገው የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቅርቦ ድጋፋቸውን ጠየቀ። በዚያው የአፍሪካ ጉዞው የኛኑ አዲስ አበባን ጎብኝቷል። ይህ የለሰለሰ ሰው መንገድ አይመስልም። ሰውን በዘሩ ሳይጠሉ በደልን መጥላት እንደሚቻል ያወቀ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የቀድሞ ጓዶቹ በግልጽ ይዝቱበት ነበር። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ቤቱ ላይ ተቀጣጣይ ነገር ተወረወረ። በ4 ዓመቱ ያየውን እሳት በ39 ዓመቱ ከልጆቹ ጋር እንደገና አየው። በዚያው ሰሞን ከኩ ክላክስ ክላን ጋር ስለነበረው ድብቅ ስብሰባ፣ እሱም እንደነበረበት፣ በአደባባይ ተናገረ። ራሱን የሚያሳፍረውን እውነት እንኳ ይዞ መሞት አልፈለገም።

እሑድ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965፣ ሐርለም አቅራቢያ ኦዱቦን በሚባል አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተገደለ። ነፍሰ ጡሯ ባለቤቱና ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። መንትዮቹ ሴት ልጆቹ አባታቸውን ሳያዩ ተወለዱ። ሱዳናዊው ሼህ አሕመድ ሐሱን እንደ ሸሪዓው አጥበው ከፈኑት። ያ ሱዳናዊ ተማሪ አሕመድ ዑስማንም ቀብሩ ላይ ቆሞ ስለ እሱ ተናገረ። ከአስር ዓመት በኋላ፣ በ1975 ኢላይጃ ሙሐመድ ሲሞት ልጁ ዋላስ የድርጅቱን አብዛኛውን አባል ወደ ትክክለኛው ኢስላም መራ።

የመጨረሻው ወሬ ሰው ያሰረ ወሬ ነው። በ1966 ሦስት ሰዎች በግድያው ተፈረደባቸው። አንዱ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ነው፤ ጥፋቱን አመነ፤ ሁለቱ ግን የሉበትም ብሎ ፍርድ ቤት ውስጥ ተናገረ። አልሰሙትም። በ1970ዎቹ እንደገና በጽሑፍ አረጋገጠ። አሁንም አልሰሙትም። ሙሐመድ ዐዚዝና ኸሊል ኢስላም እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በኖቬምበር 2021 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የፌዴራል ምርመራ ቢሮውና የኒውዮርክ ፖሊስ ነጻ ሊያወጣቸው የሚችል ማስረጃ እንዳላወጡት ታወቀ። ኸሊል ኢስላም ግን ይህን አላየም፤ በ2009 ሞቷል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። በእነዚያ 55 ዓመታት ማልኮምን የወደደ ስንት ሙስሊም እነዚህን ሁለት ሰዎች ረግሟል? ስንቱስ ሶላት ላይ ዱዓ አድርጎባቸዋል? ለተበዳይ ያለን ፍቅር ሌላ ሰው እንድንበድል አደረገን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን ለዚህ ነው። ተበዩን ማድረግ ማለት ለምንጠላው ሰው የምናደርገው ቸርነት አይደለም፤ በቂያማ ቀን የማናውቀው ሰው ሐቁን ሊጠይቀን እንዳይቆም የምናደርገው ጥንቃቄ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በስልካችሁ በየቀኑ ስለ አንድ ብሔር፣ ስለ አንድ ሃይማኖት፣ ስለ አንድ አገር ሕዝብ በጅምላ የሚናገር ነገር ይመጣል። አንዳንዱ ከእውነተኛ በደል ይነሳል፤ ለዚህ ነው የሚጣፍጠው። ስለዚህ ልባችሁ ቶሎ የተቀበለውን ዜና ነው ይበልጥ መጠርጠር ያለባችሁ። ጥቅስ ከምስል ጋር ሲመጣ መቼና የት ተናገረው ብላችሁ ጠይቁ። ካጋራችሁ በኋላ ስህተት መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ እዚያው ገጽ ላይ ተሳስቼ ነበር ብላችሁ ጻፉ።

ያ ወጣት ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ ኡስታዝ ይህ ረጅም ነው፣ ማን ያነበዋል አለኝ። ምስሉን ግን አላጋራውም። እስከዚህ ካነበባችሁ መልሱን ሰጣችሁልኝ።

አላህ የሰማነውን ከማውራታችን በፊት የምናጣራ፣ ስንሳሳትም የማናፍር ያድርገን። ማሊክ ኤል ሸባዝን ይማረው። በሐሰት የታሰሩትን ሁሉ ያስፈታልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።